ሁኔታን የሚገልጽ ጥገኛ ሐረግ

ተማሪዎች! አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አንድ የዳባት ገበሬ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል እንበል። አንጎሉ ስላበጠ ሐኪሙ ለነርሷ እንዲህ ሲል ይጽፋል፦

«በደሙ ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን በኪሎ ግራም ከ320 ሚሊኦስሞል ካላለፈ ማኒቶሉ ይደገምለት።»

ጨው የቋንጣን ውሃ እንደሚስብ ሁሉ ማኒቶልም ካበጠው አንጎል ውሃ ስቦ ወደ ደም ያወጣል፤ ኩላሊትም በሽንት ያስወግደዋል። የጤነኛ ሰው ልክ ከ275 እስከ 295 ነው። ሰውነት ውሃ ባጣ ቁጥር ልኩ ይወጣል፤ ከወሰን ካለፈ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ደሙ በየጊዜው እየተቀዳ ይመረመራል።

«ማኒቶሉ ይደገምለት» የሚለው ዋና ሐረግ ብቻውን ቢጻፍ የሰዋስው መምህር እንኳ አያርመውም። ነርሷ ግን መቼ እንደምታቆም አታውቅም።

መልመጃ፦ «ካላለፈ» የሚለውን ቃል አውጥታችሁ በምትኩ «እስኪያልፍ ድረስ» የሚለውን አግቡ። በሽተኛው ምን ይደርስበታል?