ልብም ጠባሳ አለው እንዴ?

ቢላ ጣታችሁን ቢቆርጣችሁ ቁስሉ ይድንና ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳ ሰውነት የተቀደደውን የሚሰፋበት ክር ነው። ችግር የሚመጣው ስፌቱ አልቆም ሲል ነው። ይህ ደግሞ ልብ ላይም ይደርሳል።

እኔ የተማርኩት ሶሺዮሎጂ ነው። ነገር ግን ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ከሚገኝ ወጣቶች ጋር ስሠራ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ልጆች «ሰነፍ» ሲባሉ እሰማለሁ። ሐኪሞችን ስጠይቅና ሳነብ ያገኘሁትን እነሆ።

ለመሆኑ የሳንባ ደም ግፊት ምንድን ነው?

የልባችን የቀኝ ታችኛው ክፍል ደምን የሚገፋው ወደ ሳንባ ነው። መንገዱ አጭር፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ስለሆነ ግድግዳው ስስ ነው። በጤነኛ ሰው የሳንባ ደም ወሳጅ ቧንቧ ውስጥ ያለው አማካይ ግፊት 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ከ20 ካለፈ የሳንባ ደም ግፊት ይባላል። ክንዳችን ላይ ከሚለካው ግፊት የተለየ ነው።

ጂን እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

አብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉ 20,000 ያህል ጂኖችን ይይዛሉ። ሁሉንም ግን አያነቡም። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዛችሁ ዛሬ የምትገልጡት የተወሰነ ገጽ እንደሆነ ሁሉ፣ ሕዋስም የሚያስፈልገውን ጂን ብቻ ይገልጣል።

ስሱ ግድግዳ በግፊት ሲለጠጥ የሚገለጠው ገጽ ይለወጣል። ቲጂኤፍ ቤታ የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ፋይብሮብላስት የተባሉትን ጠጋኝ ሕዋሳት «ኮላጅን ሥሩ!» ይላቸዋል። ኮላጅን የጠባሳ ክር ነው። ግፊቱ እስካለ ትእዛዙ አይቆምም። ክሩ በጡንቻው መካከል ሲከማች ልብ ይደድራል፤ ደም ለመቀበል እንደ ድሮው አይላላም፤ ምቱም ሊዛባ ይችላል።

የልብ ጡንቻ ሕዋሳትም በጽንስነት ጊዜ ያነቧቸው የነበሩ ጂኖችን እንደገና ይገልጣሉ። ከእነዚህ አንዱ የሚሠራውን ቢኤንፒ ሐኪሞች በደም ምርመራ ለክተው ልብ ምን ያህል እንደተጨነቀ ያውቃሉ።

ልብ በሉ! እዚህ ላይ የተለወጠው ንባቡ እንጂ ጂኑ አይደለም። እርግጥ ነው፣ በአንዳንድ ቤተሰቦች ቢኤምፒአር2 የተባለው ጂን ራሱ እክል እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2000 ታውቋል። ለብዙዎች ግን «በዘሩ ነው፣ ምን ይደረጋል?» ማለት አያስኬድም።

ኤችአይቪስ?

ቫይረሱ በደማቸው ካለባቸው 200 ሰዎች አንዱን ያህል ይህ የሳንባ ቧንቧ ሕመም ይይዘዋል። የቫይረሱ ፕሮቲኖችና የማያቋርጥ የሰውነት መቆጣት የቧንቧውን ውስጠኛ ገጽ ይጎዳሉ። በአገራችን ሌላም መንገድ አለ፤ ሳይታከም የቀረ የቶንሲል ሕመም የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል። የግራው በር ሲጠብ ደም ወደ ሳንባ ተመልሶ ይጠራቀምና ግፊቱ ይጨምራል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ትንፋሽ ማጠር፣ ስትሮጡ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የእግር ማበጥ ካለ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የልብ አልትራሳውንድ ብዙ ነገር ያሳያል። ይህን ጠባሳ ለይቶ የሚያጠፋ መድኃኒት ገና በሥራ ላይ አልዋለም፤ ግፊቱን የሚቀንሱ ግን አሉ። ሳንባ በተተካላቸው ሕሙማን እንደታየው፣ ጫናው ሲቀል ልብ በእጅጉ ያገግማል። ቀድሞ መመርመር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሲልደናፊል ሪቶናቪር ካለበት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ መጠኑ በአደገኛ ሁኔታ ይጨምራል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ፤ የጀመራችሁትን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም አታቋርጡ።

በስፖርት ክፍለ ጊዜ ወደኋላ የሚቀር ጓደኛ ካላችሁ «ሰነፍ» አትበሉት። «ተመርምረሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከቻላችሁም አብራችሁት ሂዱ።