ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ

ልጄ፣ ድባቴ እንዳለብሽ ከተነገረሽ በኋላ ለቀጠሮው ሳትመለሺ መቅረትሽን እናትሽ ነገረችኝ። አልቆጣሽም። በሥነ አእምሮ ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ቀን መጥተው የቀሩ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። አንዲት ወጣት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሴት ብትሆንልኝ» ስትለኝ፣ «እሱ ጎበዝ ነው፣ አይዞሽ» ብዬ ወደ ወንዱ ባለሙያ መራኋት። ዳግመኛ አላየኋትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ይህን የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው።

1. ምርጫ አለኝ ማለት ቅብጠት አይምሰልሽ። ሕክምና ቤት የሰጡንን አሜን ብለን መቀበል ለምደናል። የተሰበረ እጅ ባለቤቱ ዝም ቢልም ይጠገናል፤ በንግግር የሚታከም ሕመም ግን ተናጋሪዋ ካልፈቀደች ንቅንቅ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ስለ ድባቴና ስለ ጭንቀት ሕመም የተሠሩ 34 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ፣ ከ4 ሰዎች 3ቱ ከመድኃኒት ይልቅ የንግግር ሕክምናን እንደሚመርጡ አሳይቷል። ያልፈለጉት ሕክምና የተሰጣቸው ሰዎች ደግሞ አቋርጠው የመቅረታቸው ዕድል ይጨምራል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ እየተገናኙ ከ12 እስከ 16 ጊዜ የሚዘልቅ ስለሆነ፣ በሁለተኛው የቀረ ሰው ገና አልታከመም።

2. ምን ምን እንዳለ ጠይቂ። ሲ.ቢ.ቲ የሚሉትን አሮን ቤክ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ጀመረው። «እኔ ለምንም አልረባም» የሚለውን ሐሳብሽን ወረቀት ላይ አስፍረሽ፣ እውነት ነው ወይ ብለሽ ትመረምሪዋለሽ። የቤት ሥራ አለው፤ መጻፍ ለሚወድ ሰው ይመቻል። ሌላው ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን ያበጁት፣ ከሰው ጋር ባለን ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው ነው። የሚመለከታቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር የገቡበት ጠብ፣ ትልቅ የኑሮ ለውጥና ብቸኝነት። የአባትሽ ሙት ዓመት ካለፈ ወዲህ ነው ዝም ያልሽው፤ ስለዚህ ይህኛው ወደ አንቺ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ግን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ሦስተኛው ከድርጊት ይነሳል። ደስታው ሲመጣ እሠራለሁ ብለሽ ከመጠበቅ፣ ዛሬ ቡና አፍልተሽ ጎረቤት ትጠሪያለሽ፣ ነገ ትንሽ መንገድ ትሄጃለሽ፤ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል ትይኝ ይሆናል። ለድባቴ እነዚህን ሲያወዳድሩ የኖሩ ተመራማሪዎች ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኙባቸውም። አንዱ ሌላውን በሩቅ ቢያስከነዳው ኖሮ ሐኪሙ ይወስንልሽ ነበር፤ እኩል ሲቀራረቡ ግን ያንቺ ፍላጎት ሚዛኑን ቢደፋው ማንም አይጎዳም። አገራችን ውስጥ ባለሙያው ጥቂት ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ቦታ ላታገኚ ትችያለሽ። ቢሆንም ጠይቂ።

3. የራስሽን ምርጫ ከሕመሙ ምርጫ ለዪ። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ድባቴ የራሱ ፍላጎት አለው፤ በሩ እንዲዘጋ፣ ስልኩ እንዳይነሳ፣ ቀጠሮው እንዲሰረዝ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ደግሞ በገዛ ድምፅሽ ስለሚነግርሽ፣ «እኔ ብቻዬን መሆን ነው የምመርጠው» ስትይ የተናገርሽው አንቺ ሁኚ እሱ ይሁን መለየት ያስቸግራል። ለታካሚዎቼ የምለው አንድ ነገር ነበር፦ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ደህና ሳለሽ፣ ይህን ቢጠይቁሽ ምን ትመልሺ ነበር? ያኔም መጻፍ ሞቴ ነው የምትይ ከነበርሽ የቤት ሥራው ይቅር። ያኔ ከሰው ጋር መጫወት ትወጂ ከነበረና ዛሬ «ሰው አታሳዩኝ» ካልሽ ግን፣ ያ ሕመሙ ነው። ጨርሶ መምረጥ ካቃተሽም አትጨነቂ፤ መወሰን ማቃት ራሱ ከድባቴ ምልክቶች አንዱ ነው። አንዱን ጀምሪና ከአራት ቀጠሮ በኋላ ከባለሙያው ጋር እንደገና ተነጋገሩበት።

4. የሚያክምሽን ሰውም መምረጥ ትችያለሽ። ሴት እፈልጋለሁ፣ በቤተ ክርስቲያን የማያውቀኝ ሰው ይሁን፣ ቤተሰቤን የሚያውቅ አይሁን ማለት ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ የታተመ ኡጋንዳ ገጠር ውስጥ የተካሄደ ሙከራ አለ። አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ለ16 ሳምንታት በቡድን ያነጋገሯቸው ታማሚዎች ድባቴያቸው በእጅጉ ቀለለ። ሴቶቹ ለብቻ፣ ወንዶቹም ለብቻ ነበር የሚቀመጡት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ፍላጎትን መደበቅም ያው ነው።

5. ጸበል የምትሄጂ ከሆነ ለባለሙያው አትደብቂው። የታዘዘልሽ ኪኒን ካለም ሐኪሙን ሳታማክሪ አታቋርጪው።

6. ምርጫ የሚቆይበት ጊዜም አለ። ምግብ ከተዘጋብሽ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ፣ ንግግሩ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ድባቴው ሲከብድ መድኃኒቱና ንግግሩ አብረው ሲሰጡ ከአንዱ ብቻ የተሻለ ይረዳሉ። መሞትን ካሰብሽ ግን የትኛው ይሻለኛል እያልሽ አትቆዪ። ሌሊትም ቢሆን እናትሽን ቀስቅሻት፣ ለእኔም ደውይ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል እንሄዳለን።

7. ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ ቃል እንዳይጠፋሽ ይህን በወረቀት ይዘሽ ግቢ፦ «ምን ምን ዓይነት ሕክምና አለ? እያንዳንዱ ከእኔ ምን ይጠይቃል? ካልተስማማኝ መቀየር እችላለሁ?» ሐሙስ ጠዋት መጥቼ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ አንቺ ስትገቢ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ እጠብቅሻለሁ። ብቻዬን ልሂድ ካልሽም ረቡዕ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ፣ እቀራለሁ።