«ሥራ የላትም» ከማለታችን በፊት፦ የሥራ ኃይል ተሳትፎ አለካክ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ባስተማረው ምሳሌ፣ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ሥራ ፈትተው የተገኙት ሰዎች እንዲያ የዋሉት የሚቀጥራቸው አጥተው ነበር። የወይኑ ቦታ ባለቤት ይህን ያወቀው ጠይቋቸው ነው። እኛም በየአጥቢያው የልማት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ማን እንደሚሠራ፣ ማን ሥራ እንዳጣና ማን ከሁለቱም ውጭ እንደ ሆነ ጠይቀን መረዳት ይገባናል።

ሦስቱ ክፍሎች

በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሕዝብ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በሥራ ላይ ያለው ነው፤ ይህም ባለፉት 7 ቀናት ቢያንስ 1 ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ፣ ወይም ሥራ ኖሮት በሕመም ወይም በበዓል ምክንያት ለጊዜው የቀረ ነው። ሁለተኛው ሥራ አጡ ነው፤ ሥራ የሌለው፣ ሥራ የሚፈልግና ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። ሦስተኛው ከሥራ ኃይል ውጭ ያለው ነው። የአብነት ተማሪ ቁራሽ ሲለምን ቢውልም ልመና እንደ ሥራ ስለማይቆጠር፣ ሌላ ገቢ የሚያገኝበት ሥራ ከሌለውና ካልፈለገ የሚመደበው እዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድነት የሥራ ኃይል ይባላሉ። የተሳትፎ ምጣኔ የሚገኘው የሥራ ኃይሉን ለሥራ ለደረሰው ሕዝብ በማካፈል ሲሆን፣ የሥራ አጥነት ምጣኔ ግን ሥራ አጦችን ለሥራ ኃይሉ ብቻ በማካፈል ነው።

ለምሳሌ ለሥራ የደረሱ 200 ሰዎች ባሉበት አጥቢያ 110 በሥራ ላይ፣ 10 ሥራ አጥ፣ 80 ደግሞ ከሥራ ኃይል ውጭ ናቸው እንበል። ተሳትፎው 60 በመቶ፣ ሥራ አጥነቱ 8.3 በመቶ ይሆናል። ከ10ሩ ሥራ አጦች 5ቱ ተስፋ ቆርጠው መፈለግ ቢያቆሙ ሥራ አጥነቱ ወደ 4.3 በመቶ ይወርዳል። አንድም ሰው ሥራ ሳያገኝ ቁጥሩ ያማረ ይመስላል፤ እውነቱን የሚገልጠው ተሳትፎው ወደ 57.5 በመቶ መውረዱ ነው።

የማይታየው ድካም

በ1975 ዓ.ም. የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ለቤቱ ፍጆታ የሚያርሰውንም ገበሬ በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጥር ነበር። በ2006 ዓ.ም. የተሰበሰበው 19ኛው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ግን «ሥራ»ንና «ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራ ሥራ»ን ለየ። ከላይ ከጠቀስናቸው 80 ሰዎች 30ዎቹ ለቤታቸው ፍጆታ የሚያርሱና ጓሮ የሚያለሙ ቢሆኑ፣ በቀድሞው መለኪያ ተሳትፎው 75 በመቶ ይሆን ነበር። አጥቢያው ያው ነው፤ የተለወጠው መለኪያው ነው።

በአገራችንም በ1991፣ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. የተካሄዱት ብሔራዊ የሥራ ኃይል ጥናቶች ከ10 ዓመት ዕድሜ ጀምረው ይቆጥሩ ነበር፤ ሥራ ባይፈልግም ለመሥራት ዝግጁ የሆነውንም ሥራ አጥ ይሉት ነበር። ስለዚህ የሁለት ጥናቶችን ቁጥር ከማነጻጸራችን በፊት የዕድሜ ወሰናቸውንና ትርጉማቸውን እንመርምር።

እኛም በዚህ ተሳስተናል። በአንድ የገጠር አጥቢያ በሞላነው የመነሻ መረጃ ቅጽ፣ ከንጋት ጀምሮ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅምና ጓሮ ስትኮተኩት የምትውልን እናት «ሥራ የላትም» ብለን መዘገብናት። በኋላ ቅጹን በእጅዋ ስናነብላት «ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ሠራው?» አለችን። መልስ አልነበረንም። በዚያ ቃል ምክንያት ጊዜ የተረፋት መስላን፣ ሥልጠናውን ውኃ በምትቀዳበት ሰዓት ልናደርገው አቅደን ነበር።

በመስክ ምን እናድርግ?

«ሥራ አለሽ ወይ?» ብለን አንጀምር። ያለፉትን 7 ቀናት እየቆጠርን ምን እንደ ሠራች፣ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀባት፣ ምርቱ ለገበያ ወይስ ለቤት እንደ ሆነ፣ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ብታገኝ ለመጀመር ምን እንደሚያግዳት እንጠይቅ። ሳምንቱ በዓል የበዛበት ወይም የእርሻ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ከሆነም እንመዝግብ። ያለ ክፍያ የሚሠራውን በተለየ ዓምድ እንጻፍ፤ የውኃ ጉድጓድ ስንቆፍር የስንት እናቶችን ስንት ሰዓት እንዳሳረፍን የምናውቀው ከዚያ ዓምድ ነው።

የወይኑ ቦታ ባለቤት ሠራተኞቹን ከመላኩ በፊት ጠየቀ። እኛም በቅጻችን «የላትም» የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።