በምግብ ቤትና በማኅበር ገበታ ላይ ከነፉርሽካው የተፈጨ እህል እንዲቀርብ ስለ ማድረግ

በየአገሩ ለተሾማችሁ ገዢዎች፤ ለወረዳ ሹማምንትና ለእህል ባለቤቶች ይህን ጽሑፍ ስናቀርብ፤ አዲስ ምግብ አስለምዱ ለማለት አይደለም። የምንለምነው አባቶቻችን የሚያውቁት ገብስና ስንዴ፤ ሰው ከቤቱ ውጭ በሚበላበት ስፍራም ክብር እንዲያገኝ ነው።

አስቀድሞ የእህልን ባሕርይ መመልከት ያስፈልጋል። አንዲት የስንዴ ቅንጣት ሦስት ክፍል አላት። በውጭ የሚሸፍናት ልባስ ሲፈጭና ሲነፋ ፉርሽካ የሚባለው ነው። በአንድ ጫፏ ቡቃያው የሚወጣበት ፅንስ አለ፤ ይህም ከመላው ክብደቷ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ቢሆን ነው። የቀረው ነጩ ውስጧ ነው። የፉርኖ ዱቄት የሚገኘው ከዚህ ከነጩ ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፤ ከ100 ኪሎ ስንዴ የሚወጣው ከ70 እስከ 75 ኪሎ ያህል ነው፤ ትርፉ ለከብት መኖ ይሸጣል። ዳሩ ግን ቫይታሚን ቢ የሚባለውና ብረቱ፤ ሆድንም የሚያለዝበው ቃጫ፤ አብዛኛው ያለው በዚያ በተለየው ክፍል ውስጥ ነው። እንግዲህ ላሚቱ ከልጃችን ይልቅ የተሻለውን ድርሻ ወሰደች ማለት ነው።

ጤፍ ከዚህ ነገር ነጻ ነው። ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ልባሱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ ነጩም ቀዩም ጤፍ ሁልጊዜ ከነሙሉነቱ ይፈጫል። ነገር ግን ጤፍ ሲወደድ በከተማ ብዙ እንጀራ ጋጋሪዎች የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይቀላቅሉበታል፤ በምግብ ቤትም ዳቦውና ፓስታው ከነጭ ዱቄት የተሠራ ነው። ስለዚህ ገበሬው በቤቱ የሚያገኘውን የእህል ኀይል፤ ወደ ከተማ ወርዶ ገንዘብ ከፍሎ ሲበላ ያጣዋል።

ይህ ነገር ከሰው ሕይወት ጋራ የተያያዘ መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1890ዎቹ ዓመታት ክርስቲያን ኤይክማን የሚባል የሆላንድ ሐኪም፤ ዛሬ ጃካርታ በምትባለው በባታቪያ ሳለ፤ የተፈተገ ነጭ ሩዝ የሚበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሲሰንፍና ሲወድቁ፤ ያልተፈተገ ሩዝ ሲሰጣቸው ደግሞ ሲድኑ አየ። ቤሪቤሪ የሚባለው በሽታ በሰው ላይ የሚያደርገውም ይህንኑ የመሰለ ነበር። ቮርደርማን የተባለው የጤና ሹም በጃቫ ያሉትን 101 ወህኒ ቤቶች መረመረ። ነጭ ሩዝ በሚሰጥባቸው ስፍራዎች ከ39 እስረኞች አንዱ ሲታመም፤ ልባሱ ያልተለየ ሩዝ በሚሰጥባቸው ግን የሚታመመው ከ10,000 አንዱ ሆኖ ተገኘ። እስረኛው ምግቡን አልመረጠም፤ የመረጠለት የመንግሥት ሹም ነው። ይህንን የሚያነብ ሹም ሁሉ በዚህ ቃል ላይ ጥቂት ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። ኤይክማን ስለዚህ ሥራው በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

በዘመናችንም በዴንማርክ አገር በ2008 መንግሥት፤ የጤና ማኅበሮች፤ ባለወፍጮዎችና ዳቦ ጋጋሪዎች ተስማምተው፤ ሙሉ እህል ባለበት ምግብ ላይ የታወቀ ምልክት አደረጉ። ከዚያ አስቀድሞ አንድ ሰው በቀን የሚበላው ሙሉ እህል 36 ግራም ያህል ሲሆን፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ 63 ግራም ደረሰ። ሙሉ እህል መብላት የልብ በሽታንና የስኳር በሽታን እንደሚያሳንስም በብዙ ምርመራ ታይቷል።

በእኛ ዘንድ የሚያስቸግረው የእህል ማጣት ብቻ አይደለም፤ እፍረትም አለበት። አንድ ጊዜ ለሥራ ተልኬ ስሄድ ዙሪያው ገብስና ስንዴ በሆነ ደጋ አገር ካንዲት ወይዘሮ ምግብ ቤት አደርሁ። በማለዳ ከሩቅ ከተማ በመኪና የመጣ ነጭ ዳቦ አቀረቡልኝ፤ በጓዳ ግን ልጆቻቸው የገብስ ቂንጬ በቅቤ ሲበሉ አየሁ። ከዚያ ይስጡኝ ብላቸው፤ «ኧረ ጌታዬ፤ ይህ ለእንግዳ አይሆንም» አሉኝ። ከብዙ ልመና በኋላ ሰጡኝ፤ ከነጩም ዳቦ እጅግ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ ሹም የሆነ ሰው በአደባባይ ምግብ ቤት ገብቶ ቂንጬ፤ ንፍሮ ወይም ከነፉርሽካው የተጋገረ ድፎ ዳቦ ቢያዝ፤ ከብዙ ደብዳቤ ይልቅ ይሠራል።

ባለ ምግብ ቤቶችን ግን ማስገደድ አይገባም፤ ደንበኛ የሸሸበት ሰው ምክር አይሰማምና። በሳምንት አንድ ቀን ቢጀምሩ፤ በመጀመሪያም ግማሹን ነጭ ግማሹን ያልተነፋ ዱቄት ቢቀላቅሉ ይበቃል። ያልተነፋው ዱቄት ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ሊጡም እንደ ነጩ አይነፋም፤ ስለዚህ በእርሾ ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ያሻል። እናቶቻችን ሊጥ የሚያቆዩት ለጣዕም ብቻ ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን በፉርሽካው ውስጥ ብረቱን ይዞ ለሰውነት የማይለቀውን ነገር መቡካቱ እንደሚቀንሰው ታውቋል።

ለትምህርት ቤት፤ ለሆስፒታልና ለወህኒ ቤት ዳቦ ሲገዛ ግን ነገሩ በሹሙ እጅ ነው፤ በውሉም ላይ «ከነፉርሽካው ከተፈጨ ዱቄት» ተብሎ ይጻፍ። የዳቦው መጥቆር ብቻ ምስክር አይሆንም፤ በተቃጠለ ስኳር ማጥቆር ይቻላልና፤ ስለዚህ ዱቄቱን ከወፍጮው ድረስ ሄዶ ማየት ይሻላል። ባለወፍጮው ፉርሽካውን ሸጦ የሚያገኘው ትርፍ ስለሚቀርበት በዋጋ ሊከራከር ይችላል፤ ዳሩ ግን ከአንድ ኩንታል ስንዴ የሚገኘው ዱቄት ስለሚበዛ፤ ሒሳቡ በፊቱ ይቈጠርለት። ከብት የሚያደልቡም ሰዎች የመኖ ነገር ያሳስባቸዋል፤ ስለዚህ ለውጡ ቀስ በቀስ መሆን አለበት።

ደግሞም ይህ ዱቄት ፅንሱ ቅባት ስላለው ቶሎ ይመርራል። ስለዚህ እህሉ በጎተራ ሳይፈጭ ይቆይ፤ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት የሚበቃው ብቻ እየተፈጨ፤ ከጠራራ ርቆ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ።