ስልኩ ከልጁ ጋር ሲያድር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ14 ዓመት ልጄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው እያለ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኖ ቲክቶክ ሲያይ ያድራል። ጠዋት ስቀሰቅሰው ይነጫነጫል፤ ቁርሱንም ሳይነካ ይወጣል። አባቱ ስልኩን እሰብረዋለሁ ይላል። በቀን ስንት ሰዓት ብንፈቅድለት ይሻላል?

መልስ፦ አባቱ ስልኩን ባይሰብሩት ይሻላል። ነገ መምህሩ የቤት ሥራ በቴሌግራም ሲልኩ ሌላ መግዛታችሁ አይቀርም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ለትልልቅ ልጆች ሁሉ የሚሆን አንድ የሰዓት ገደብ አላስቀመጠም። ልክ ነው እላለሁ። ሒሳብ በዩቲዩብ የሚያጠናና ቲክቶክ ላይ የተጣደ ልጅ እኩል ሁለት ሰዓት ስላዩ አንድ አይሆኑም። እኔ የምጠይቀው ስልኩ ምን ቀማው ብዬ ነው። የእርስዎን ልጅ የቀማው እንቅልፉን ነው።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ጠዋት 12፡00 የሚነሳ ከሆነ ቢዘገይ ማታ 4፡00 ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ችግሩ፣ በጉርምስና ጊዜ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከቀድሞው ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። ስለዚህ «እንቅልፌ አልመጣም» ሲል ሁልጊዜ ውሸቱን አይደለም። የስልኩ ብርሃን ደግሞ ያንኑ ሆርሞን የባሰ ያዘገየዋል። በእኔ ግምት ግን ከብርሃኑ የሚከፋው ቪዲዮው ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው፤ ፊልም እንኳ ያልቃል።

ማታ 3፡00 ላይ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎና የአባቱም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር። «ለማንቂያ ያስፈልገኛል» ይላል፤ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙለት። ሰሞኑን ማኩረፉ አይቀርም። ቅዳሜና እሁድ እስከ ቀትር እንዲተኛ አይተዉት፤ ሰኞ ጠዋት መነሳት ያቅተዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳምንታት ካለፉ በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ኳሱንና ጓደኞቹን ከተወ፣ ከተከዘ፣ ወደ ሐኪም ይዘውት ይምጡ። ድብርትም እንቅልፍ ይነሳል፤ ልጁ ስልኩን የያዘው እንቅልፍ አጥቶ ሊሆን ይችላልና።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ስልክ አታበዛም አይባልም። ዓይኗን ይጎዳባታል?

መልስ፦ ነገርን በቅርበት ማየት ሲበዛ፣ መጽሐፍም ቢሆን፣ የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር ሊያስከትል ይችላል። በየቀኑ ደጅ ወጥታ መጫወቷ ይከላከልላታል። ሰሌዳ ለማንበብ ዓይኗን የምታጠብብ ከሆነ ግን የዓይን ምርመራ ያስፈልጋታል።