ነፋሱ ሲነፍስ ውኃውን ማቆየት

የኤሌክትሪክ ትምህርት ከአንድ ጽኑ ሕግ ይጀምራል፤ የመነጨ ኃይል በመነጨበት ቅጽበት ሥራ ላይ መዋል አለበት። በአገራችን መስመር ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ፍላጎት ከአቅርቦት ሲበልጥ ይህ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ አቅርቦት ሲበልጥ ከፍ ይላል። ከልኩ አብዝቶ ከራቀ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ከመስመር ያወጣሉ፤ ከተማውም ይጨልማል። ነፋስና ፀሐይ ደግሞ የእኛን ሰዓት አይጠብቁም። ማከማቻ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተማሪ ሁሉ ቀድሞ «ምን ያህል ማከማቻ?» ይላል። መቅደም ያለበት ግን «ለምን ያህል ጊዜ?» የሚለው ነው። ከባሕር ኃይል የሚያመነጩ አገሮች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ሞገድ በየጥቂት ሰከንዱ እየገፋ ስለሚመጣ ቶሎ ተቀብሎ ቶሎ የሚመልስ ማከማቻ ይፈልጋል። የባሕር ሙላት ግን በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ ስለሚመለስ ጊዜው ከዓመታት በፊት ሊሰላ ይችላል። ፈረንሳይ ውስጥ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የላ ራንስ ጣቢያ 240 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በዚሁ ሙላትና ጉድለት ነው። የባሕር ነፋስ በበኩሉ ለቀናት ጸጥ ሊል ይችላል። ሦስቱን በአንድ ዓይነት ባትሪ እንመልስ ማለት ገንዘብ ማባከን ነው።

ባሕር የለንም፤ ትምህርቱ ግን ሰሜን ሸዋም ይሠራል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የወጣ ሰው የገደሉን አፋፍ ነፋስ ያውቀዋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የተሸከመው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሆኖም ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርባይኑ በዚያው ፍጥነት በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው በዚያው መጠን ያነሰ ያገኛል።

አሁን አንኮበር ወረዳ ውስጥ ከዋናው መስመር የራቀ አንድ ቀበሌ እናስብ፤ ሶላር፣ ትንሽ የነፋስ ተርባይንና ባትሪ አለው እንበል። ኃይል ባነሰ ቁጥር ባትሪ መጨመር ለብዙዎች ቀላሉ መፍትሔ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ወፍጮውን ተመልከቱ እላለሁ። የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ ጊዜ አይሰጥም፤ ወፍጮው ግን ነፋሱ እስኪበረታ ሊቆይ ይችላል። በነፋስ ሰዓት የተፈጨ ዱቄት የተከማቸ ኃይል ነው፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሮቶ የተሳበ ውኃም እንደዚሁ። ዱቄትና ውኃ ደግሞ እንደ ባትሪ ኬሚካላቸው አያረጅም።

ለባትሪው የሚቀረው ሊጠብቅ የማይችለው ፍላጎት ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከሆነ፣ የያዘው ኃይል ግማሽ ላይ ሲደርስ መቆጣጠሪያው ጭነቱን ያቋርጥ፤ የታችኛው ግማሽ ለዘር እንደተቀመጠ ገብስ አይነካም። ደጋግሞ ከዚያ በታች የወረደ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል። ሊቲየም ጠለቅ ብሎ ቢወርድም ይችላል፤ የእሱ ጠላት የደጋው ውርጭ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ከተሞላ ውስጡ ይጎዳል። ሶላር ብቻ ቢሆን የሚሞላው ቀን ነው፤ ነፋስ ግን ሌሊትም ይሞላል። ስለዚህ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚያሰጋን በተለይ ነፋስ የተጨመረበትን ሥርዓት ነው፤ የባትሪው ቤት ብርድ የማያስገባ፣ መቆጣጠሪያውም ሙቀትን የሚለካ መሆን አለበት።

ከቀበሌው ወጥተን አገሩን ስናይ ትልቁ ማከማቻ ግድብ ነው። አዳማ ሁለት የነፋስ ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት፣ የጊቤ ሦስት ግድብ ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ደጋው ላይ ነፋስ የሚበረታው በአብዛኛው በበጋ፣ ወንዞች በሚቀንሱበት ወራት ነው፤ ይህ ለአገራችን ትልቅ ጸጋ ነው። ነፋሱ ሲነፍስ የግድቡ ተርባይን በር ጠበብ ይላል፤ ያልፈሰሰው ውኃም ለማታው ፍላጎት ይቆያል። ሒሳቡ ይኸውና፦ ከ100 ሜትር ከፍታ የሚወርድ 4 ሜትር ኩብ ውኃ ወደ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። አዳማ ሁለት በሙሉ አቅሙ አንድ ሰዓት ከሠራ፣ በዚህ ከፍታ ከ600 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ግድብ ውስጥ ይቀራል።

ይህ የሚሆነው ግድቡ ቦታ ሲኖረው ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግድቡ ጢም ካለ፣ በነፋስ የተረፈው ውኃ በማስተንፈሻው ይፈሳል። ስለዚህ የነገውን ነፋስ የሚተነብየውና የግድቡን ከፍታ የሚከታተለው ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ውኃው መቼ መለቀቅ እንዳለበት ከሐምሌ ጀምሮ መወሰን ይኖርባቸዋል።