ቲማቲምን በአልባሽ ሰብልና በጉዝጓዝ ማልማት፤ ከተለመደው የአረም ሥራ ጋር ሲነጻጸር

መግቢያ

በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በባቱ (ዝዋይ)፣ በመቂና በመልካሳ አካባቢ ቲማቲም በመስኖ ከሚለሙት ዋና ዋና አትክልቶች አንዱ ነው። በክረምት የሚለማ ቲማቲም በቅጠልና በፍሬ በሽታ በብርቱ ስለሚጠቃ፣ ብዙው አምራች ችግኙን ወደ ማሳ የሚያዛውረው ዝናቡ ሲያቆም ነው። ሆኖም ይህ ወቅት የራሱ ችግር አለው። በጥቅምት መጀመሪያ የተዛወረ ችግኝ አረም አጥብቆ የሚጎዳው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ የጤፍና የስንዴ አጨዳ የሚደርስበት ጊዜ ነው። የደረሰ ጤፍ አይጠብቅም፤ ከቆየ ይረግፋል። ቲማቲሙም ሳይታረም ከቆየ ይቀጭጫል። ስለዚህ ገበሬው ከሁለት አንዱን ይጎዳል፤ ወይም በውድ ዋጋ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ወይም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስቀራል።

በዚህች ጽሑፍ የተለመደውን የአረም ሥራ ከጉዝጓዝና ከአልባሽ ሰብል ጋር እናነጻጽራለን። ዓላማችን ገበሬው የኅዳርን የአረም ሥራ በከፊል ወደ ሰኔና ወደ መስከረም እንዴት ሊያዛውር እንደሚችል ማሳየት ነው።

አረም ቲማቲምን የሚጎዳው መቼ ነው?

ቲማቲም ከተዛወረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥር ለመስደድ ይታገላል። በዚህ ጊዜ አረሙም ገና ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው በአጠቃላይ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ነው። አረሙ በዚህ ጊዜ ውሃውን፣ ማዳበሪያውንና ብርሃኑን ይሻማል። ከዚህ በኋላ ቲማቲሙ ቅርንጫፉን ዘርግቶ መሬቱን ስለሚያጠላ አዲስ የሚበቅለውን አረም በራሱ ኃይል ማፈን ይጀምራል። በመሆኑም በስምንተኛው ሳምንት ብዙ ሰው አሰልፎ ማረም፣ በአራተኛው ሳምንት ሳይታረም የታለፈውን ጉዳት አይመልስም።

የተለመደው ዘዴ

የተለመደው አሠራር ችግኙ ከተዛወረ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ መጀመሪያ መኮትኮት፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ ሁለተኛ አርሞ አፈር ማስታቀፍ ነው። ይህ ዘዴ የሚናቅ አይደለም። በውሃ የጠጠረውን የመሬት ገጽ ያለሰልሳል፤ ማዳበሪያን ከአፈር ጋር ለማደባለቅ ያመቻል፤ ከመኮትኮቻ በቀር ሌላ ወጪ የለውም። የቤተሰቡ ጉልበት በሰዓቱ ከተገኘ ጥሩ ምርት ያስገኛል።

ጉድለቱ ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ብዙ የቲማቲም ሥሮች ከመሬት ገጽ ብዙም ሳይርቁ ስለሚሰራጩ በጥልቀት ሲኮተኮት ይቆረጣሉ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ኩትኳቶ ከሥር ተቀብሮ የነበረውን የአረም ዘር ወደ ላይ ስለሚያወጣው፣ በሚቀጥለው መስኖ አዲስ አረም ይበቅላል። ሦስተኛ፣ የተገለጠ አፈር በፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። ውሃው አንዴ በዝቶ አንዴ ሲያንስ ደግሞ የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ይበሰብሳል።

ከሌላ ቦታ የሚመጣ ጉዝጓዝ

ገለባ፣ ደረቅ ሣር ወይም የበቆሎ አገዳ በቲማቲሙ ዙሪያ ሲጎዘጎዝ ብርሃን ስለሚከለክል ብዙ የአረም ዘር አይበቅልም። እርጥበት ይጠበቃል፤ ፍሬውም አፈር ስለማይነካ አይበሰብስም። በዝናብ ወይም በውሃ ጠብታ ከአፈር ወደ ቅጠል የሚረጨው የበሽታ ዘርም ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ሂሳቡን እናስላ። በቂ ጉዝጓዝ ማለት መሬቱ እንዳይታይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሽፋን ነው። ለዚህም በሄክታር 6 ቶን ያህል ደረቅ ገለባ ያስፈልጋል ብንል፣ ለሩብ ሄክታር 15 ኩንታል ይሆናል። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። እንግዲህ 15 ኩንታል ገለባ ለአንድ በሬ የስምንት ወር ቀለብ ነው። የጤፍ ገለባ በተጨማሪ ለቤት ምርጊት ይፈለጋል። ገበሬው ገለባውን መሬት ላይ አልበትንም ቢል አልተሳሳተም። ስለዚህ የምንመክረው ጉዝጓዙን ከበሬው አፍ ከመንጠቅ ይልቅ በዚያው በማሳው ላይ ማብቀልን ነው።

በማሳው ላይ የሚበቅል ጉዝጓዝ

አልባሽ ሰብል የምንለው ለእህል ሳይሆን መሬትን ለማልበስ የሚዘራውን ነው። ጥራጥሬ የሆነው ዓይነት ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ መሬቱን ያዳብራል። በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ፣ በቤልትስቪል የግብርና ምርምር ማዕከል አረፍ አብዱል-ባኪና ጆን ቲስዴል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በቲማቲም ላይ ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። ቬች የተባለውን መኖ በመከር ወቅት ዘርተው፣ በፀደይ አጭደው በዚያው እንደተነጠፈ ሳያርሱ ችግኙን ተከሉበት። ከቬቹ ላይ የተገኘው ምርት በጥቁር ፕላስቲክ ከተሸፈነውና ከተገለጠው መሬት በልጦ ተገኘ። ሆኖም በቬቹ ሥር አፈሩ ስለሚቀዘቅዝ የመጀመሪያው ፍሬ ከፕላስቲኩ ዘግይቶ ደርሷል። አረሙንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያዳክመውም፣ ሽፋኑ እየበሰበሰ ስለሚሄድ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ብቻውን አልበቃም።

የእነርሱ ወቅት ከእኛ ይለያል። መሠረታዊው ሐሳብ ግን ለስምጥ ሸለቆ መስኖ ይስማማል። የእኛ አልባሽ ሰብል በክረምት ዝናብ ያድጋል፤ በመስከረም መጨረሻ ይታጨዳል፤ ቲማቲሙ በጥቅምት ይተከልበታል። ለሞቃታማው ቆላና ወይና ደጋ ላብላብ፣ ከፍ ላለውና ለቀዝቃዛው ቦታ ቬች ከአጃ ጋር ተደባልቆ ይመረጣል። ዝናቡ ከተመቸ ላብላብ በሄክታር ከ4 እስከ 6 ቶን ደረቅ ሽፋን ሊሰጥ ይችላል። ይህም ከላይ ካሰላነው ፍላጎት ጋር ይቀራረባል።

አሠራር

ሀ/ መሬቱ በሰኔ በደንብ ይታረሳል። ሰርዶና እንግጫ ካለ ሥሩ ተለቅሞ ይወጣል። እነዚህ ከሥራቸው ስለሚያቆጠቁጡ ጉዝጓዝ አያቆማቸውም።

ለ/ መደቡና የመስኖ ቦዩ አልባሽ ሰብሉ ከመዘራቱ በፊት ይዘጋጃል። በጥቅምት እንደገና ማረስ ከመጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የቦዮቹ ርቀት አንድ ሜትር ይሁን።

ሐ/ ላብላብ በሰኔ መጨረሻ በመደቡ ላይ ይዘራል። በሄክታር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ዘር ይበቃል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ይታረማል።

መ/ የቲማቲም ዘር በነሐሴ መጨረሻ በችግኝ መደብ ላይ ይዘራል።

ሠ/ አልባሽ ሰብሉ አበባ ሲያወጣ ከመሬት አስጠግቶ በማጭድ ይታጨዳል፤ በመደቡም ላይ እኩል ይነጠፋል። ሥሩ አይነቀልም። አበባ ሳያወጣ የታጨደ ቬች እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ፍሬው እስኪበስል የቆየ ደግሞ ራሱ አረም ይሆናል። ወደ ቦዩ የወደቀው ይነሣል፤ አለዚያ ውሃ ያግዳል።

ረ/ ከተከላው በፊት ባለው ቀን ማሳው ውሃ ይጠጣል። ሽፋኑ በትንሹ ተገልጦ ችግኙ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። በዚህ አተካከል ሩብ ሄክታር 8,300 ያህል ችግኝ ይይዛል። ጉዝጓዙ ከግንዱ አራት ጣት ያህል ይራቅ፤ ከተጠጋ ግንዱ ይበሰብሳል፤ ቆራጭ ትልም ይደበቅበታል።

ሰ/ ማዳበሪያ በጉዝጓዙ ላይ አይበተንም። ከችግኙ ጎን ትንሽ ጉድጓድ ተከፍቶ ይጨመርና በአፈር ይሸፈናል።

ሸ/ በአራተኛው ሳምንት ሽፋኑ የሳሳበት ቦታ በበቆሎ አገዳ ይደፈናል፤ አልፎ የበቀለው አረም በእጅ ይነቀላል። ይህን የሚተው ሰው ከጉዝጓዙ ሙሉ ጥቅም አያገኝም።

ጥንቃቄ

ምስጥ ያለበት ቦታ ደረቅ ጉዝጓዝ ምስጡን ሊስብ ስለሚችል በየሳምንቱ ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ቲማቲሙ ሲነቀል ሥሩ ላይ እብጠት ከታየ ኔማቶድ አለ ማለት ነው። ቬች ይህን ተባይ ስለሚያራባ በእንዲህ ያለ ማሳ አይዘራም። ዘር የያዘ ቅንጨ አረም፣ እንዲሁም የቲማቲም፣ የድንችና የበርበሬ ቅሪት ለጉዝጓዝ አይሆንም። በቲማቲም ሥር ላይ የሚጣበቀውን ጥገኛ አረም፣ ኦሮባንኪን፣ ጉዝጓዝ አይከላከለውም። አበባው ዘር ሳይዝ ተነቅሎ መቃጠል አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው። በመስከረም የለመለመ ላብላብ ለከብት እጅግ ያምራል። ግማሹ ለከብት ከተወሰደ የቀረው ግማሽ መሬቱን አያለብስም፤ አረሙም በሳሳው በኩል ይወጣል። ስለዚህ ለከብት የሚሆነው በማሳው ዳርቻ ለብቻው ይዘራ፤ የመደቡ ለመሬቱ ይተው። ይህ በሰኔ በቤተሰቡ መካከል ተመክሮ የሚወሰን ነገር ነው፤ በመስከረም የሚወሰን አይደለም።

የትኛው ዘዴ ይሻላል?

በኅዳር በቂ የቤተሰብ ጉልበት ያለው፣ መሬቱም ጠባብ ሆኖ በክረምት በቆሎ ወይም ቦሎቄ ሊዘራበት የግድ የሆነበት ገበሬ የተለመደውን ዘዴ በጊዜው ቢሠራበት ይበቃዋል። አልባሽ ሰብል የክረምቱን እህል ያስቀራልና ዋጋው ይህ ነው። በአንጻሩ ኅዳር ላይ የሰው እጅ የሚያጥረው፣ የመስኖ ውሃ የማይበቃው፣ ወይም መሬቱ የደከመበት ገበሬ ዘዴውን ቢሞክር ይጠቀማል።

ሙከራውም በትንሹ ይሁን። ከማሳው አራት መደብ ለአልባሽ ሰብል፣ ጎኑ ያሉት አራት መደቦች ለተለመደው አሠራር ይመደቡ። በሁለቱም ላይ ሥራ የዋለው ሰው በቀን እየተቆጠረ፣ የተለቀመውም ፍሬ በሳጥን እየተቆጠረ ይጻፍ። መጻፍ ያልለመደ አባወራ ወይም እማወራ ልጁን ያስጽፍ። በየካቲት መዝገቡን ከአካባቢው የልማት ሠራተኛ ጋር ሲመለከቱት፣ ለዚያ መሬትና ለዚያ ቤተሰብ የትኛው ዘዴ እንደሚበጅ ከእኛ ምክር ይልቅ የራሳቸው ቁጥር ይነግራቸዋል።